«ልጄን እንዳላሳፍር፣ ሰውም እንዳልጎዳ እፈራለሁ»

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የ53 ዓመት ሴት ነኝ። ሽጉጥ መተኮስ የጀመርኩት በቅርቡ ነው፤ መንገዱን ያሳየችኝም የ26 ዓመት ልጄ ናት። እርሷ በተግባራዊ የሽጉጥ ተኩስ ውድድር ከተሳተፈች ቆይታለች። እውነቱን ለመናገር እኔ ወደ ክበቡ መሄድ የጀመርኩት ተኩሱን ወድጄ ሳይሆን ቅዳሜን ከእርሷ ጋር ለማሳለፍ ብዬ ነበር። እየዋለ ሲያድር ግን ተኩሱ ራሱ ያዘኝ። አንድ ቦታ ቆሜ፣ ትንፋሼን ሰብስቤ፣ 10 ሜትር ላይ ያለውን ወረቀት መምታት ያስደስተኛል። አሠልጣኛችንም እጅዎ አይንቀጠቀጥም ብሎኛል።

ችግሩ የመጣው ልጄ ሳታማክረኝ ለሚቀጥለው ወር የክበብ ውድድር ስታስመዘግበኝ ነው። «እማዬ፣ ከእኔ ጋር በአንድ ቡድን ነሽ፤ አይዞሽ፣ እኔ አለሁ» አለችኝ። ደስታዋን አይቼ እሺ አልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እንቅልፍ የለኝም። ልጄ ስትወዳደር አይቻለሁ። እየተራመዱ፣ የሽጉጡን የጥይት ካዝና እየቀየሩ፣ ከግድግዳ ጥግ ብቅ እያሉ ይተኩሳሉ፤ ዳኛው ሰዓት መቁጠሪያ ይዞ ከኋላ ይከተላቸዋል። የእኔ ጉልበት መሮጥ አይችልም። ለማንበብ መነጽር አደርጋለሁ። ሽጉጡንም እስከ ዛሬ ከጠረጴዛ ላይ አንስቼ እንጂ ከወገቤ መዝዤ አላውቅም።

ባለቤቴ «በዚህ ዕድሜሽ ምን አስጨነቀሽ?» ይለኛል። ክፉ አስቦ አይደለም። እኔ ግን የምፈራውን ራሱን በቅጡ መለየት አቅቶኛል። መጨረሻ መውጣቱን፣ ልጄን ጓደኞቿ ፊት ማሳፈሩን፣ ደንግጬ ሰው መጉዳቱን ሁሉንም እፈራለሁ። ከዓመታት በፊት ልጄ ከውድድር ተሰርዛ እያለቀሰች ቤት የገባችበት ቀንም ከዓይኔ አይጠፋም። እቀራለሁ ብላት ይከፋታል፤ መሄዱን ደግሞ እፈራለሁ። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባኝ እናት

ውድ እናት፣

መጨረሻ መውጣትን፣ ልጅዎን ማሳፈርንና ሰው መጉዳትን በአንድ ትንፋሽ ጠርተዋቸዋል። ተደራርበው ሲመጡ አንድ ግዙፍ ፍርሃት ይመስላሉ፤ እንቅልፍ የነሣዎትም ይህ መደራረባቸው ይመስለኛል። እስቲ እንለያያቸው። መጨረሻ የመውጣትና የማሳፈር ፍርሃት ሊተዉት የሚችሉት ነው፤ ምክንያቱን እነግርዎታለሁ። ሰው የመጉዳቱ ፍርሃት ግን ተገቢ ነው፤ እንዲጠፋልዎትም አልመኝም። ሽጉጥ ታጥቆ ምንም የማይሰማው ጀማሪ ቢጽፍልኝ ኖሮ ከእርስዎ ይልቅ ለእርሱ እሰጋ ነበር። ይህ ፍርሃት በአሠልጣኝ ፊት፣ በቀስታ፣ ወደ እጅ ልማድ መለወጥ ይችላል።

መጀመሪያ ስለ ውጤቱ። የመጀመሪያ ውድድሩን የሚያደርግ ሰው ከዝርዝሩ ግርጌ አካባቢ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ እርስዎም እዚያ ቢገኙ የሚደንቀው የለም። በቡድንዎ ያሉት ሰዎች ማታ ቤታቸው ሲገቡ የሚያስታውሱት አፈሙዝዎ ወዴት እንደነበረና የተበሳውን ኢላማ ለመለጠፍ አብረዋቸው መነሣትዎን ነው። በዚህ ስፖርት እያንዳንዱ ተወዳዳሪ በተራው ይተኩሳል፣ በሌላው ተራ ደግሞ ኢላማ ይለጥፋል፣ የወደቀ የብረት ኢላማ ያቆማል። ማጣበቂያ ወረቀት ይዞ የሚነሣ እንግዳ ወዲያው የቤተሰቡ አባል ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፤ ዳኛው ነጥቡን ሳይቆጥር ቀዳዳ አይለጥፉ፣ ኢላማም አይንኩ።

ደግሞም ውድድሩ ከሩቅ ለሚያየው የሩጫ ቢመስልም አቆጣጠሩ እንደዚያ አይደለም። የስፖርቱ ዓለም አቀፍ ኮንፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ፣ ሚዙሪ ግዛት፣ ኮሎምቢያ ከተማ ነው የተመሠረተው። የሚታወቅበት መሪ ቃል ትክክለኛነትን አስቀድሞ ኃይልንና ፍጥነትን ያስከትላል። በእያንዳንዱ የተኩስ ጣቢያ ያገኙት ነጥብ በወሰደብዎ ሰከንድ ይካፈላል። በተለመደው የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት የኢላማው መሐል 5 ነጥብ፣ ከእርሱ ውጭ ያለው ክፍል 3፣ ጠርዙ 1 ነጥብ ይሰጣል። መመታት ሲገባው የተሳተ እያንዳንዱ ጥይት ደግሞ 10 ነጥብ ያስቀንሳል። 12 ጥይት የሚተኮስበት አጭር ጣቢያ ነው እንበል። እርስዎ ረጋ ብለው ሁሉንም መሐሉ ላይ አሳርፈው በ24 ሰከንድ ቢጨርሱ 60 ነጥብዎ ለ24 ተካፍሎ 2.5 ይሆናል። አንድ የቸኮለ ወጣት በ15 ሰከንድ ጨርሶ ሁለት ጥይት ቢስት፣ የቀሩትን ሁሉ መሐሉ ላይ ቢያሳርፍ እንኳ 50 ነጥቡ በቅጣት ወደ 30 ይወርድና ውጤቱ 2 ብቻ ይሆናል። ልምድ ያላቸው ፈጥነውም መሐሉን ስለሚመቱ ይበልጡዎታል፤ ይብለጡ። አሠልጣኝዎ የመሰከረልዎ የረጋ እጅ ግን በዚህ ሜዳ ዋጋ ያለው ነገር መሆኑን ይወቁት።

ባለቤትዎ ስለ ዕድሜ ለሚያነሡትም መልስ አለ። ዓለም አቀፉ ደንብ ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑ ተወዳዳሪዎች የአንጋፋዎች ምድብ፣ ለሴቶችም የራሳቸው ምድብ አለው። በእርስዎ ዕድሜ የሚወዳደር ሰው ባይኖር ይህ ምድብ አይኖርም ነበር። መሮጥም ግዴታ አይደለም፤ ከአንዱ የመተኮሻ ቦታ ወደ ሌላው በራስዎ እርምጃ መሄድ ይችላሉ። ጉልበትዎ በጣም የሚያስቸግርዎት ከሆነ ወይም ጣቢያው መንበርከክ የሚጠይቅ ከመሰለዎት ዳኛውን ከመጀመርዎ በፊት ያነጋግሩት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያስቆመኝ በጨረፍታ ያለፉት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሽጉጥ ከወገብዎ መዝዘው አያውቁም። በግልጽ ልንገርዎት። ከአፎት መምዘዝንና መልሶ መክተትን በአሠልጣኝ ፊት ሳይማሩ በዚህ ውድድር ቢሰለፉ አልስማማም። ይህን የምለው እንዲቀሩ ፈልጌ አይደለም፤ አንድ ወር ለመማር የሚበቃ ጊዜ ነው። አዲስ ተወዳዳሪ ከመሰለፉ በፊት የደኅንነት ሥልጠና እንዲወስድ የሚጠይቁ ክበቦች ብዙ ናቸው። የእርስዎ ክበብ ባይጠይቅም እንኳ እርስዎ ይጠይቁ።

ሲማሩ ትኩረትዎን መምዘዙ ላይ ብቻ አያድርጉት። ሁሉም ሰው ፈጥኖ ለመምዘዝ ይለማመዳል፤ ጀማሪ ይበልጥ ሊጠነቀቅበት የሚገባው ግን መልሶ የመክተቱ ጊዜ ይመስለኛል። ጣት ከቃታው መከለያ ውጭ፣ ልብስ ከአፎቱ አፍ የራቀ፣ ዓይን አፎቱ ላይ። መክተቱ ጊዜ አይቆጠርበትም፤ የፈለጉትን ያህል ይዘግዩ። ቤት ውስጥ በባዶ ሽጉጥ መለማመድም ይጠቅማል፤ ጥይት በሌላ ክፍል ተቆልፎበት፣ ሽጉጡ ባዶ መሆኑ ሁለት ጊዜ ታይቶ፣ አፈሙዙ ጥይት ወደማያሳልፍ ግድግዳ ዞሮ ከሆነ ብቻ።

ከዚህ ቀጥሎ እግርና እጅ አብረው ሲንቀሳቀሱ የሚመጣው አደጋ ነው። አፈሙዙ ሁልጊዜ ወደ ተኩሱ አቅጣጫ መሆን አለበት፤ ከፊት ለፊት ወደ ጎን 90 ዲግሪ ካለፈ ተወዳዳሪው ከውድድር ይሰረዛል። ሲራመዱ፣ ካዝና ሲቀይሩ ወይም የተቀረቀረ ጥይት ሲያስለቅቁ ጣት ቃታው ጋ ከተገኘም እንደዚያው። ቀኝ እጅዎን የሚጠቀሙ ከሆነ ወደ ግራ እየሄዱ ካዝና መቀየሩን በተለይ ይጠንቀቁበት፤ ሰውነት ወደ ግራ ሲዞር አፈሙዙ ሳይታወቅ አብሮ ይዞራል። ለመጀመሪያ ውድድርዎ የምመክርዎ ቆመው ካዝናውን መቀየር፣ ከዚያ ጣትዎን አውጥተው መሄድ ነው። ሁለት ሦስት ሰከንድ ያጣሉ፤ ምንም አይደለም።

ሌላው ጀማሪን የሚያሰርዘው ከተኩሱ ውጭ ባለው ሰዓት የሚፈጸም ስሕተት ነው። በውድድር ሜዳ ሽጉጡ ባዶውን በአፎት ወይም በሣጥኑ ውስጥ ይቆያል። ዳኛ ካላዘዘዎ በቀር ሊነኩት የሚችሉት የደኅንነት ቦታ ተብሎ በተከለለው ስፍራ ብቻ ነው። እዚያ ደግሞ ጥይት ማውጣት ክልክል ነው፤ ለልምምድ የሚሠራው የውሸት ጥይት እንኳ አይፈቀድም። «አፎቴ ተጣሟል፣ ላስተካክለው» ብለው ቆመው ሲጠብቁ ሽጉጥዎን ብድግ ቢያደርጉ ያን ቀን በዚያው ያበቃል። ሽጉጥ ከእጅዎ ወይም ከአፎትዎ ቢወድቅ ደግሞ ፈጽሞ አያንሡት። ዝም ብለው ቆመው ዳኛ ይጥሩ፤ የሚያነሣው እርሱ ነው።

ሰዓቱ ሲጮህ መደንገጥዎን ፈርተዋል። ድምፁ የሚመጣበትን ቅደም ተከተል ካወቁት ድንጋጤው ይቀንሳል። ዳኛው መጀመሪያ አጉርሰው እንዲዘጋጁ ያዝዝዎታል። እስኪጨርሱ ይጠብቃል፤ ማንም አያዋክብዎትም። ከዚያ መዘጋጀትዎን ይጠይቃል። ካልተዘጋጁ «አልተዘጋጀሁም» ማለት መብትዎ ነው። ከዚያ በተጠንቀቅ እንዲጠብቁ ይነግርዎታል፤ ድምፁም ከ1 እስከ 4 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ይሰማል። ሲጨርሱ ጥይቱን አውጥተው ባዶነቱን እንዲያሳዩት፣ በመጨረሻም ወደ አፎት እንዲከቱ ያዝዝዎታል። በመሐል «ቁም» ብሎ ከጮኸ ግን መተኮስም መንቀሳቀስም ያቁሙ፤ ጣት አውጥተው፣ አፈሙዙን ወደ ፊት እንደያዙ፣ ቀጣዩን ትእዛዝ ይጠብቁ። ዳኛው ከኋላዎ የሚከተለው ስሕተት አድኖ ሊሰርዝዎ ሳይሆን እጅዎን እያየ እርስዎንና ሌላውን ሊጠብቅ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ልጅዎ እየጠራችልዎ ቤት ውስጥ በባዶ እጅ፣ ሽጉጥ ሳይዙ፣ ደጋግማችሁ ተለማመዱት። ቅዳሜን አብሮ ለማሳለፍም መልካም ሰበብ ነው።

ስለ ልጅዎ ሳነሣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። እያለቀሰች የገባችበትን ቀን ምን ሆና እንደተሰረዘች ነግራዎት ታውቃለች? እርስዎስ ጠይቀዋት ያውቃሉ? መሰረዝ የሚያም ነገር ነው፤ ሰው ብዙ የተለፋበትን ቀን ያጣል። ይሁንና የተሰረዘ ሰው ከስፖርቱ አይባረርም፤ በሚቀጥለው ውድድር ይመለሳል። ልጅዎም ተመልሳለች። ያን ቀን ምን እንደሠራችና ከዚያ በኋላ ምን እንደለወጠች ብትነግርዎ ከእኔ ምክር ሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ያገኛሉ። እርሷም እናቷ ያን ቀን በልቧ ይዛው እንደቆየች ታውቃለች።

«እኔ አለሁ» ያለችዎት ከፍቅር ነው። ግን በዚህ ላይ ሁለታችሁም ልታውቁት የሚገባ ደንብ አለ። ተወዳዳሪው ተኩስ ላይ ሳለ ከዳኛው በቀር ማንም ሊረዳው አይፈቀድም፤ ከዳር ሆኖ «በግራ አንድ ቀርቶሻል» ብሎ መጮህ ቅጣት ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ድምፁ ከተሰማ በኋላ ልጅዎ የለችም፤ ሜዳው ላይ እርስዎና ዳኛው ብቻ ናችሁ። እርሷ የምትጠቅመው ከዚያ በፊት፣ ቡድኑ ጣቢያውን እየዞረ በሚያይባቸው ደቂቃዎች ነው። አብራችሁ ዙሩት፤ ኢላማዎቹን ቁጠሩ፤ የት ቆመው ካዝና እንደሚቀይሩ ወስኑ። ዕቅዱ ግን የእርስዎ ይሁን፣ የእርሷ አይሁን። የእርሷ ዕቅድ ለእርሷ እግርና ፍጥነት የተሠራ ነውና።

በአንድ ቡድን መሆናችሁንም ያስቡበት። እርሷ ስታይዎ ይረጋጋሉ ወይስ ይጨነቃሉ? መልሱን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ከተጨነቁ «ልጄ፣ የመጀመሪያውን ቀን በሌላ ቡድን ልሁንና ምሳ ላይ እንገናኝ» ማለት ማሳዘን አይደለም። እኔ በበኩሌ ብዙዎቻችን የምንወደው ሰው ፊት ከእንግዳ ሰው ፊት ይልቅ እንደምንቸኩል አስባለሁ። መቸኮል ደግሞ በዚያ ሜዳ የማይፈለግ ነው።

ስለ ዓይንዎ፣ ለማንበብ መነጽር የሚያደርግ ሰው በተዘረጋ ክንድ ጫፍ ላይ ያለውን የፊት ማነጣጠሪያ ማጥራት ቢያቅተው አይገርምም። ከዓይንዎ እስከ ፊት ማነጣጠሪያው ያለውን ርቀት አስለክተው ለዓይን ሐኪምዎ ይንገሩ፤ ለዚያ ርቀት የተሠራ መከላከያ መነጽር ማግኘት ይቻላል። ቀይ ነጥብ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ የተገጠመላቸው ሽጉጦች የሚወዳደሩበት ምድብም አለ፤ በእርሱ ዓይን ኢላማው ላይ ይውላል እንጂ በቅርብና በሩቅ መካከል አይመላለስም። አሁን ግን ለመሣሪያ አይሩጡ። የቃታውን መከለያ በደንብ የሚሸፍን ጠንካራ አፎት፣ ጥሩ ዝናር፣ ሦስት ወይም አራት ካዝና፣ የዓይንና የጆሮ መከላከያ ለጅምር ይበቃል።

ወደ ምርጫው እንምጣ። መሄድና መቅረት ብቻ ያለ መስሎ ስለታየዎት ነው የተጨነቁት። በመካከል ሌላም መንገድ አለ። በዚያ ቀን ሳይወዳደሩ ኢላማ ለመለጠፍ ብቻ መሄድ ይችላሉ፤ ቀኑን ሙሉ ዳኛውን፣ ትእዛዙን፣ የሰዎቹን እጅ እያዩ ሲውሉ ሜዳው እንግዳ መሆኑ ይቀራል። ስቲል ቻሌንጅ የሚባል የውድድር ዓይነትም አለ። በእርሱ ከአንዱ ጣቢያ በቀር ተወዳዳሪው አንድ ቦታ ቆሞ አምስት የብረት ኢላማዎችን ነው የሚመታው። በአነስተኛው .22 ጥይት የሚወዳደሩትም ከአፎት መምዘዝ አይጠበቅባቸውም። ለእርስዎ ጉልበትና ለረጋ እጅዎ የተስማማ መግቢያ ነውና ክበብዎ ያዘጋጅ እንደሆነ ይጠይቁ።

የእኔን አስተያየት ከፈለጉ፣ አፎቱን ተምረው መሄድዎን እመርጣለሁ። ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነበው ተኩሱ ራሱ እንደያዘዎት የጻፉበት ቦታ ላይ ቆምኩ። ለልጅዎ ብለው የጀመሩት ነገር የእርስዎ ሆኗል። ለእርሷ ደስታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቅርብዎ እል ነበር። ለራስዎ የሚፈልጉት ከሆነ ግን በባለቤትዎ ጥያቄም በውጤት ሰንጠረዥም ምክንያት ባይቀሩ ደስ ይለኛል።

ነገ ለውድድሩ አዘጋጅ ይደውሉና ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ ከውድድሩ በፊት የአዲስ ተወዳዳሪዎች ሥልጠና መኖሩንና መመዝገብዎን ወደ ሌላ ቀን ማዛወር መቻሉን። ሁለተኛው መልስ «ይቻላል» ከሆነ ዛሬ መወሰን የለብዎትም። ማታ ደግሞ ልጅዎን አስቀምጠው እሺ ያሉት ደስታዋን አይተው እንደሆነ፣ አፎቱን ሳይማሩ እንደማይሰለፉ፣ ሲማሩም ከአሠልጣኙ ጎን እንድትቆምልዎ እንደሚፈልጉ ይንገሯት። ከውድድሩ አንድ ሳምንት በፊት አሠልጣኙን በግልጽ ይጠይቁት። «ገና ነዎት» ካለዎት በዚያ ቀን ማጣበቂያ ይዘው ይሂዱ። «ደርሰዋል» ካለዎት ሜዳው ላይ ለዳኛው የመጀመሪያ ጊዜዎ መሆኑን ይንገሩትና በቡድኑ ተራ ኋላ ላይ እንዲያስገባዎ ይጠይቁ፤ ሌሎቹን አይተው ይገባሉ።